ሰላምታ የማይመልሰው ዘፋኝ

ባለፈው ጥቅምት ድሬዳዋ በሄድኩ ጊዜ ለእናቴ ቅመም ልገዛ ቀፊራ ገበያ ወረድኩ። ባለ ቅመሟ ቅርንፉዱን በእፍኟ አንስታ አፍንጫዬ ሥር ስታመጣው የምጠይቃት ሁሉ ጠፋኝና ቅርንፉዱን ትክ ብዬ አየሁት። «ምነው አንቺ፣ አሮጌ መሰለሽ?» አለችኝ ተቀይማ። አሮጌስ አልነበረም። ሽታው አንድ ሰው አስታውሶኝ ነው። ልጅ ሳለሁ፣ በአንድ የሙቀት ወራት፣ የግቢያችንን የኋላ ክፍል የተከራየ የሬጌ ዘፋኝ ነበር። ቅርንፉድ ከአፉ አይለይም። እሱ ለጉሮሮዬ ነው ይላል፤ እናቴ ደግሞ የሚሸፍነው ሌላ ሽታ ቢኖር ነው ትላለች።

እናቴን ሳላስተዋውቅ ነገሩ አይገባም። እናቴ ሰው አታምንም። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ተረት ሌላ ሰው አልፎ አልፎ ይለው ይሆናል፤ እሷ ከቁርስ ጋር ነበር የምትለው። ሥጋ ሻጩን ትጠረጥራለች። የውኃ ቆጣሪ የሚያነበውን ልጅ ትጠረጥራለች። አባቴ ከባድ መኪናውን ይዞ ጅቡቲ ሲሄድ መንገዱ በእርግጥ ያን ያህል ይርቅ እንደሆነ ትጠረጥራለች። ሰፈሩም ስሟን ትቶ «ጠርጣሪት» ይላት ነበር። እኔም በእሷ ወጣሁ። ስለዚህ በዚያ ዓመት ያየሁትን ሳወራ፣ መጀመሪያ የጠረጠርኩት፣ ያየሁት በኋላ መሆኑን እወቁልኝ።

ሰውዬው በሚያዝያ፣ ፀሐይዋ ቆርቆሮውን ማንጫጫት በጀመረችበት ሰሞን፣ በባጃጅ መጣ። ዕቃው አንድ ሻንጣና በብርድ ልብስ የተጠቀለለ፣ ቁመቱ ደረቴ ጋ የሚደርስ ሳጥን ነበር። ባለ ባጃጁ ሳጥኑን ሊያግዘው ሲጠጋ ከለከለውና ራሱ እንደ ልጅ አቅፎ አስገባው። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ታያለች። በድሬ ሙቀት ብርድ ልብስ ለምን አስፈለገ? ይባስ ብሎ «እርስዎን እንዳላስቸግር ብዬ ነው» አላት። ድሬ ላይ አንቱታ የለም። ሕፃኑ ሽማግሌውን አንተ ይለዋል፣ ሽማግሌውም አይከፋውም። ሰውዬው ደግሞ ክፍሉን ሲያይ ተወልጄ ያደግኩት ለገሃር ነው ብሏት ነበር። እናቴ በዚያው ቀን ለሐሊማ ነገረቻት፦ የድሬ ልጅ ነኝ እያለ እርስዎ የሚል ሰው አስገብቻለሁ።

ሐሊማ የፊተኛው ክፍል ተከራይ ናት። ጨርቅ ትነግዳለች፤ ከገበያ ስትመለስ ደጃፏ ላይ ምንጣፍ ዘርግታ ትቀመጣለች፣ እሷ ሳታየው የሚገባም የሚወጣም የለም። ሰውዬውን የመጀመሪያዋ ከሳሽ እሷ ሆነች። ክሷም ሰላምታ አይመልስም የሚል ነበር። ይህ በእኛ አገር ቀላል ነገር አይደለም። ድሬ ሰው ባጃጅ አስቁሞ፣ መንገድ ተሻግሮ ነው ሰላም የሚባባለው። ሐሊማ ከኋላው በአማርኛ «እንዴት አደርክ» ትለዋለች፣ በኦሮምኛ ትደግመዋለች፣ በሶማልኛ ትጨምርበታለች፤ እሱ እንዳልተናገረች ሁሉ ያልፋል። ፊት ለፊት ሲገጥማት ደግሞ ዓይኗን አያይም። አፏን ነው የሚያየው፣ ከንፈሯ ላይ ፍርፋሪ የቀረ ይመስል።

«ወላሂ ዓይኑ ደህና አይደለም» አለች ሐሊማ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ ምሳችንን ከደነችው። ተከራዩ በጓሮ ካለፈ እስኪርቅ ድረስ ጉርሻ ወደ አፍ አይገባም። አንድ ቀን ማንጎ እየበላሁ ደረሰብኝና አፌን ሲያየኝ ፍሬውን ከነልጣጩ ቀሚሴ ውስጥ ደበቅኩት። ሆዴን ቢያመኝ ኖሮ እስከ ዛሬ ቡዳ ነው እል ነበር። አላመመኝም፤ ይህም ራሱ አጠራጠረኝ።

ከሁሉ የባሰው ግን አተኛኘቱ ነው። ከሚያዝያ በኋላ ድሬ ቤት ውስጥ አይተኛም። ሽቦ አልጋው፣ ፍራሹ፣ ምንጣፉ ሁሉ ወደ ግቢ ይወጣል፤ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ ባለቤቱም ተከራዩም በአንድ ሰማይ ሥር ይጋደማል። የማን ሰው ያንኮራፋል፣ የማን ሰው በእንቅልፍ ልቡ ያወራል፣ ሁሉም ይታወቃል። እሱ ብቻ ክፍሉ ገብቶ በሩን ይዘጋል። እናቴ ምክንያቱን ብትጠይቀው ለምጄዋለሁ አላት። በዚያ ሙቀት ዘግቶ የሚተኛ ሰው ወይ በሽታ አለበት ወይ የሚደብቀው ነገር አለው፤ በዚህ ግቢው ሁሉ ተስማማ።

ቀን ቀን ደግሞ፣ ከተማው ሱቁን ዘግቶ በሚያርፍበት ሰዓት፣ ከክፍሉ ድምፅ ይመጣል። ድም… ድምድም። ሙዚቃ አይሉት፣ ሙዚቃ ዜማ አለው። መዶሻም አይደለም። ግድግዳው ላይ ጆሮዬን ስለጥፍ ጉንጬ ይርገበገባል። እናቴ አረቄ የሚያወጣ መሣሪያ ነው አለች። ሐሊማ የሐሰት ብር ማተሚያ ነው አለች። እኔ ደግሞ አውቄው ነበር፦ ሳጥኑ ውስጥ ሰው አለ፣ እሱ ነው አውጡኝ እያለ የሚደበድበው። ከትምህርት ቤት ስመለስ በግድግዳው በኩል ቀስ ብዬ አይዞህ እለው ነበር።

ሰውዬው ማን እንደሆነ ያወቅነው ከሌላ ሰው ነው። ከመርካቶ የመጣ አንድ ነጋዴ ግቢያችን ሲገባ አይቶት ክው አለ፤ ይሄ ዘፋኙ አማረ ባቡር አይደለም እንዴ አለ። ወሬው ሳይውል ሳያድር አው ሙሜ ጋ ደረሰ። አው ሙሜ ጎረቤታችን ነው፤ «አው» ሐረሪዎች ሽማግሌያቸውን የሚያከብሩበት ቃል ነው፣ ጋሽ እንደ ማለት። ዕድሜውን ሙሉ የባቡር ቲኬት ተቆጣጣሪ ነበር። ሳቀና «አማረ ባቡር ሞቷል» አለን። ከዚያም ሽርጡን ሰብስቦ ተቀመጠና ታሪኩን አወራ።

አማረ የባቡር ጥገና ሠራተኛ ልጅ ነው። ጎረምሳ ሳለ ቅዳሜ ቅዳሜ ለሠራተኞቹ ጭፈራ ይዘፍን ነበር። አንድ ቀን አባቱን ሳይሰናበት ጅቡቲ በሚሄደው ባቡር ላይ ወጣ። ቲኬት አልነበረውም፤ አው ሙሜ ራሱ እያየ እንዳላየ ሆኖ አሳለፈው። ልጁ ሲወርድ እጁን ስሞ፣ ይህን ውለታ አልረሳም ብሎት ሄደ። ወደብ ላይ ጭነት እየተሸከመ ከመርከበኞቹ ሬጌ ተማረ። አዲስ አበባ ገባ፣ ፀጉሩን ድሬድ አደረገ፣ በየክለቡ ዘፈነ። በየፌርማታው ሎሚ ስለምትሸጥ ልጅ የዘፈናት ካሴት ስትወጣ ከድሬ እስከ ደወሌ ያላጫወታት ሻይ ቤት አልነበረም። ከዚያ ባሕር ተሻገረ፤ ኋላም ሞተ ተባለ።

«ይሄ ሰውዬ» አለ አው ሙሜ «ከዚራ ሰፈር ዛፉ ሥር ደጋግሞ አጠገቤ አለፈ። ጠራሁት። ዞር አላለም። አማረ ቢሆን እኔን ጥሎ ያልፋል?» ድምፁ የተናደደ ሰው ድምፅ ነበር፤ አሁን ሳስበው ግን ያዘነ ሰው ድምፅ ነው።

ሆኖም ሳይፈትን አይፈርድምና አንድ ምሽት መጥቶ ከተከራዩ ጋር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ፈተናው የድሬ ፈተና ነው። በአማርኛ ጀመረ፣ መሃሉን በኦሮምኛ ሄደበት፣ በሶማልኛ ቋጨው። የእኛ ልጅ ይህንን ሳያስበው ይከተላል፤ ወሬ መሃል ቋንቋ መቀየር ለእኛ እግር እንደ መቀያየር ነው። ሰውዬው አማርኛው ላይ ደህና ነበር። ቋንቋው ሲታጠፍ ግን ጠፋ። አው ሙሜ የእናቱን ነገር ሲጠይቀው እሱ ስለ ሙቀቱ መለሰ። አው ሙሜ ተነስቶ ወደ እናቴ መጣ፦ ሰው አገር ቢለቅ ቋንቋ ይረሳ ይሆናል፣ መታጠፊያውን ግን አይረሳም፤ ይሄ አጭበርባሪ ነው። እናቴ አባቴ ከጅቡቲ ሳይመለስ ሰውዬው ይውጣልኝ አለች።

የእኔ ሥራ ውኃ ነው። ቧንቧው ጠዋት ብቻ ስለሚመጣ የተከራዮቹን ጀሪካን ሞልቼ ደጃፋቸው ላይ አስቀምጣለሁ። በዚያ ሳምንት እናቴ ሥራ ጨመረችልኝ፦ ስታስቀምጪ ገባ በይና ሳጥኑን አይተሽ ንገሪኝ። እኔም ሳጥኑ ውስጥ ያለውን ሰው ሳላስወጣ እንዳይሄድብኝ ፈርቼ ነበር።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ከደቻቱ ደረቅ ወንዝ በኩል አቧራ ያዘለ ነፋስ ተነሳና የብረት በራችንን ከግንቡ ጋር አላተመው። ግቢው ሁሉ ደነገጠ፤ ሐሊማ አላህን ጠራች። ነፋሱ የአማረን በር ገርበብ አድርጎት ነበር። ጀሪካኔን ይዤ ገባሁ። ብርድ ልብሱ መሬት ላይ ተጥሏል። ሳጥኑ የመድረክ ድምፅ ማጉያ ነው፤ ሌላ ምንም አይደለም። እሱ በሽርጥ ብቻ፣ ጀርባውን ድምፅ ማጉያው ላይ ለጥፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ተቀምጧል። ድም… ድምድም። የታሰረ ሰው ባለመኖሩ ትንሽ ቅር አለኝ።

የብረት በሩ እንደገና ተላተመ። እኔ ዘለልኩ፤ እሱ ቅንድቡ እንኳ አልተነቃነቀም። «ጋሼ» አልኩት። ጮክ ብዬ ደገምኩት። አጠገቤ የነበረውን ጣሳ አንስቼ ሲሚንቶው ላይ ለቀቅኩት፤ ያ ሁሉ ኳኳታ ከእሱ ምንም አላገኘም። ወደ ፊት ስራመድ ጥላዬ ፊቱ ላይ አረፈና ዓይኑን ገለጠ። እኔን አየ፣ መሬት የወደቀውን ጣሳ አየ። ምን እንዳደረግኩ ወዲያው ገባው።

«አይሰማኝም» አለ። «እናትሽ የምትፈልገው ነገር ይኸው ነው። ሌላ የለኝም።»

በሩን ገፋ አድርጎ፣ ቀስ ብለሽ በአማርኛ ብቻ አውሪኝ አለኝና ያለፈበትን ነገረኝ። ዕድሜውን ሙሉ ከድምፅ ማጉያ ፊት ቆሟል። መጀመሪያ የወፎቹ ድምፅ ቀረበት፣ ቀጥሎ የሴቶቹ፣ ከዚያ ባትሪው እንዳለቀ ሬዲዮ ዓለም ሁሉ እየደከመ ሄደ። ዜማ ማግኘት ሲያቅተው መድረኩን ለቀቀ። አሁን የሚቀረው ወፍራሙ ድምፅ ነው፤ እሱንም በጀርባው እንጂ በጆሮው አይሰማም። ቤት ዘግቶ የሚተኛውም ለዚሁ ነው፤ ውጭ ተኝቶ ሰው በጨለማ ቢያወራው አፉን ስለማያይ መልስ አይኖረውም። ድምድምታው እስከ ሐሊማ ደጃፍ እንደሚሰማ ስነግረው ሳጥኑን እንደ ከዳው ጓደኛ አየው። እንደማይሰማ ነበር የመሰለው።

ቡዳ ሳይሆን ደንቆሮ መሆኑ ሲገባኝ ነገሩ ሁሉ ቀለለኝ። ለእናቴ ልንገራትና ክፍልህን አትልቀቅ አልኩት። እጄን ያዘኝ።

«ድሬን ታውቂያታለሽ» አለ። «ስም አንዴ ከለጠፈች አታነሳም። ሌባ ቢሉኝ፣ ቡዳ ቢሉኝ ውሸት ነው፤ አንድ ቀን ይገለጣል። ደንቆሮው አማረ ካሉኝ ግን እውነት ነው፤ ማን ያነሳልኛል? እኔ አማረ ባቡር ሆኜ ልሙት ብዬ ነው አገሬ የመጣሁት።»

ልጅ ብሆንም ይህ ገባኝ። በሰፈራችን ጣቱ የጎደለው ልብስ ሰፊ ቆራጣው ነው፤ አው ሙሜ ፊሽካ ነው፤ ከጋሪ የወደቀ አንድ ሰው ሽማግሌ ሆኖም ጋሪው ይባላል። ማንም በክፋት አይደለም፣ ግን ስሙ ሰውየውን ይውጠዋል። ላልናገር ማልኩለት። ለእናቴ ሳጥኑ ድምፅ ማጉያ ነው ብቻ አልኳት። «ታዲያ ለምን አይዘፍንም?» አለችኝ።

ይህች ጥያቄ ናት ነገሩን የቆረጠችው። አው ሙሜ ሲሰማት፣ ቅዳሜ ከሰዓት በርጫ ላይ እንየው አለ። ቅዳሜ ኒሙ ዛፍ ሥር ምንጣፍ ተዘረጋ፣ ጫቱ መጣ፣ ጎረቤቱም ተሰበሰበ። አማረን እናቴ ራሷ በምልክት ጠርታ አስቀመጠችው። ሻንጣው ክፍሉ ውስጥ ተዘግቶ ቆሞ ነበር፤ አይቼዋለሁ። አው ሙሜ ለብዙ ዓመት ያስቀመጣትን ካሴት ይዞ መጥቶ ቴፑን ከአማረ ኋላ፣ ግንዱ ሥር አኖረውና ከፈተው።

የሎሚ ሻጯ ዘፈን ግቢውን ሞላችው። ሁሉም ሰው አማረን ያያል። አማረ ደግሞ ሐሊማ ጫት ስትቀነጥስ እጇን ያያል። ዘፈኑ መሃል ደረሰ፤ የወጣትነት ድምፁ ከኋላው ሎሚ ሻጯን እየጠራ ነው፤ እሱ ዞርም አላለም። «የገዛ ድምፁን የማያውቅ ዘፋኝ ዛሬ አየሁ» አለች ሐሊማ። እናቴ ከበሩ ላይ ሆና አላልኩሽም በሚል ዓይን አየችኝ። ሮጬ ሄጄ ትከሻውን ላዞረው ፈለግኩ፣ መሐላዬ ያዘኝ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ እኔ ግን በዚያች ሰዓት ነቀዝኩ።

አው ሙሜ ቴፑን አጠፋው። ዘፈኑ ቀጥ ሲል የሁላችንም አንገት ወደ ቴፑ ዞረ፤ የአማረ ብቻ ባለበት ቀረ። አው ሙሜ ይህንን አየ። ባቡር ላይ ሲኖር ከሞተሩ ጩኸት ጆሯቸው የሄደ ስንት ሾፌሮችን አይቷል። ፊቱ ሲለወጥ አየሁት፤ ከዚራ ዛፍ ሥር የጠራው ጊዜ ሁሉ አንድ ላይ የመጣበት ይመስለኛል። ተነስቶ ከአማረ ፊት፣ ጉልበት ለጉልበት ተገጣጥሞ ተቀመጠ። በአንድ ቋንቋ ብቻ፣ ቀስ ብሎ ተናገረ።

«አማረ፣ ያቺን የሎሚ ሻጯን አንዴ ዝፈንልኝ።»

አማረ ደነገጠ። ነገረችብኝ ብሎ ወደ እኔ ሲያይ አልነገርኩም በሚል ራሴን ነቀነቅኩለት። አው ሙሜ እጁን በትከሻው ላይ አሳልፎ ጀርባውን በመዳፉ መምታት ጀመረ፤ ሕፃን የሚያስገሳ መሰለኝ። አንዱን ዘሎ ሁለተኛው ላይ የሚያርፍ፣ ያ የሬጌ ምት ነበር። ሌላው ሰው ሽማግሌው ስሜቱ ተነክቶ ያቀፈው መስሎታል። አማረ ዓይኑን ጨፈነ። አጀማመሩ ዝቅ ያለ፣ የሻከረ ነበር፣ ዜማውም ትንሽ አዘነበለ፤ ከዚያ መዳፉን ተከትሎ ቦታው ላይ ገባ። ካሴቱ ላይ ያለው ድምፅ የሚያምር ነው። ይሄኛው ግን ሎሚ ሻጯን በእርግጥ ያጣት ሰው ድምፅ ነበር። ሐሊማ ጫቷን ጥላ አፏን በሻሿ ሸፈነች። እናቴ ሳይታወቃት ከበሩ ርቃ ምንጣፉ ዳር ደርሳለች። እኔ አለቀስኩ።

ሲጨርስ አው ሙሜ ወደ ሰው ዞረ። «እሱ ነው» አለ። «ዘፈኑን ሰምቶ ያልዞረው ኩሩ ስለሆነ ነው። ጎረምሳ ሆኖም እንዲሁ ነበር። በነፃ አሳፍሬው እንኳ አላመሰገነኝም።»

እጁን ስሞት እንደ ወረደ እኛው ግቢ ውስጥ ነበር የነገረን። ሰዉ አስታውሶም ይሁን ረስቶ፣ ይህን ያነሳበት የለም። በማግስቱ አው ሙሜን ቧንቧው ጋ ብቻውን አግኝቼው ለምን እንደዚያ እንዳለ ጠየቅኩት። «ምን አልኩ?» አለኝ። ጆሮውን ማለቴ ነው ልል አፌን ስከፍት ዓይኑን አጠበበብኝ። «የማን ጆሮ?» አለኝ። የማንም አልኩት። ጎበዝ ብሎ ራሴን ዳሰሰኝና ሄደ።

አማረ ክፍሉን አልለቀቀም፤ ሰፈሩም ኩሩው ብሎ ሰየመው። ድሬ ደግሞ ኩራት አትወድም፣ ልታስተወው ተነሳች። ሳያናግረን አያልፍም ተባለ። ሐሊማ ማለዳ በሩን ዘግታ ትቆማለች፤ ልብስ ሰፊው መንገድ ላይ ክንዱን ይይዘዋል፤ ልጆቹ ከፊቱ እየዘለሉ ያስቆሙታል። ፊታቸውን ፊቱ ላይ ደቅነው፣ ሊያሾፉበት ቃሉን እየጎተቱ፣ አፋቸውን እየከፈቱ «ኩ-ሩው፣ እን-ዴት አ-ደርክ?» ይሉታል። እሱም አፋቸውን አይቶ ለእያንዳንዳቸው ይመልሳል፤ አንዳንዱን ቤተሰቡን ሳይቀር ይጠይቃል። እንዲህ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም ነበር።

እናቴ ብቻ አልተዋጠላትም። ደጃፉ ላይ ከሐሊማ ጋር ሲሳሳቁ በመስኮት እያየች ጠራችኝ። «ያን ያህል ኩሩ የነበረ ሰው በአንድ ሳምንት እንዲህ አይሆንም፤ የሆነ ነገር አለ» አለችኝ። እኔም አዎ፣ የሆነ ነገር ሳይኖር አይቀርም አልኳት።